በር የሌለው የበር ሽያጭ ክፍል

ኅዳር 8

እትዬ፣

ሰላምታውን ባጭሩ ልጨርሰው፤ እኔ ደህና ነኝ፣ አንቺም ደህና ነሽ ብዬ አምናለሁ፣ አባባም እንደነበረው ነው። በስልክ ዝም ያልኩሽ ጥያቄሽን ጠልቼ አይደለም። እዚያ ቤት ኔትወርክ የሚይዘው አባባ ራስጌ ብቻ መሆኑን ታውቂያለሽ፤ ከስልኩ የወጣ ድምፅ በቀጥታ እሱ ጆሮ ውስጥ ነው የሚያርፈው። ስትሮኩ ግማሽ ጎኑን ይያዘው እንጂ ጆሮው እንደሆነ አልደከመም። ስለዚህ ቁም ነገሩ በወረቀት ይሁን። እሱ አውቶቡስ ሲነዳ ረዳቱ የነበረው ሰውዬ እስካሁን በዚያው መስመር ስለሚሠራ ደብዳቤውን ያመላልስልናል።

«እውነት ሥራ ያዝክ ወይ?» ላልሽው፦ ይዣለሁ። ጠዋት እገባለሁ፣ ማታ እወጣለሁ። ጠረጴዛ አለኝ፤ ጠረጴዛው መሳቢያ አለው፤ መሳቢያው ይቆለፋል፤ ውስጡ የሚቆለፍበት ነገር ገና አልተገኘም። ደረቴ ላይ ፎቶዬ ያለበት ባጅ ይንጠለጠላል። ፎቶው ከእኔ ይልቅ ሥራ የያዘ ይመስላል። ድርጅቱ በር ያቀርባል፦ የውስጥ በር፣ የውጭ በር፣ ባለ አንድ ተከፋች፣ ባለ ሁለት ተከፋች። እኔ ሽያጭ ክፍል ነኝ። ቢሮው ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ነው፤ ለምን እንደሆነ ሌላ ጊዜ አጫውትሻለሁ።

ደመወዝን በተመለከተ ሂደት ላይ ነው። ሂደት የሚለው ቃል እዚህ በጣም ይወደዳል።

ውላችንን አልረሳሁም። እኔ ሥራ ስይዝ አባባን እረከባለሁ፣ አንቺ እሱን ለማስታመም ብለሽ ያቋረጥሽውን የነርስ ትምህርት ትቀጥያለሽ። ኮሌጁ ቦታሽን የሚያቆይልሽ እስከ የካቲት መጀመሪያ ብቻ እንደሆነም ጭንቅላቴ ውስጥ አለ፤ ብዙ ነገር ስለሌለበት ቦታ አልጠበበውም። ቤት ተከራይቼ አባባን ወደዚህ አመጣዋለሁ።

ደስ ብሎሃል ወይ ብለሽ እንዳትጠይቂኝ። ደስ አላለኝም፣ አልከፋኝምም። ጥርስ ሐኪም ማደንዘዣ ከወጋሽ በኋላ ከንፈርሽን ስትነኪው የሌላ ሰው ከንፈር እንደሚመስልሽ ነው።

ወንድምሽ
የሽያጭ ባለሙያ


ኅዳር 21

ለተከበሩ የሽያጭ ባለሙያ፣

እንግዲህ አሁን አንቱ ልበልህ ወይስ ባጅህን እስካየው ልጠብቅ?

አባባ እንዴት አድርጎ ሰማው ላልከኝ፦ የተማሪ ዩኒፎርም ኮሌታ እየሰፋሁ «ልጅህ በር ይሸጣል» አልኩት። እንደምታውቀው አንድ አንድ ቃል እየለቀመ ነው የሚያወራው፤ አንዱን ካወጣ ሁለተኛውን ለማምጣት ሩቅ ይሄዳል። የኮሌታውን አንድ ጎን ጨርሼ ወደ ሌላው ስሻገር «ከምን?» አለ።

«ምኑ ከምን?»

«እንጨቱ።»

ምን ልበለው? «ከጥድ» አልኩት። ፊቱን አጨፈገገ። ጥዱ አልጣመውም። «ከጥድ ብቻ አይደለም፣ ሌላም አለ» ብዬ ነገሩን አበረድኩት።

ስለዚህ ይፋዊ ጥያቄ ቀርቦልሃል፦ ከምን እንጨት ነው? ደግሞስ በር የሚያቀርብ ድርጅት ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ምን ይሠራል? ተመርቀህ የወጣህበት ግቢ ተመልሰህ ከገባህ፣ ያኔ ጥቁሩን ጋውን ለብሰህ የወጣኸው ፎቶ ለመነሣት ነው ማለት ነው።

ጎረቤታችን «ልጁ ሥራ ገባ ወይ?» ብላ አጥር ላይ ተንጠልጥላ ጠየቀችኝ። «ገባ» አልኳት። የት እንደገባህ ስላላወቅኩ ድምፄ ቀጠነ፤ እሷ ደግሞ የቀጠነ ድምፅ አያልፋትም።

ስለ ማደንዘዣው የጻፍከውን አንብቤዋለሁ። ነርስ ልሆን የነበርኩ ሰው ነኝና ልንገርህ፤ ሲለቅ ያማል። «ልሆን የነበርኩ» ያልኩትን «የምሆን» ብለህ አንብበው።

አባባ ደህና ነው።

እህትህ


ታኅሣሥ 4

እትዬ፣

ከምንም እንጨት አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዩኒቨርሲቲው «ተመራቂዎቻችን ሥራ ያጡት ልምድ ስለሌላቸው ነው» የሚል ጥናት አስጠና። ልምድ እንዳይኖራቸው ያደረገው ደግሞ ሥራ ማጣታቸው ነው። ይህን ቋጠሮ ስንት የተማረ ሰው ታግሎት አልፈታውም፤ የእኛ የሥራ ትስስር ክፍል ኃላፊ ግን ከምሳ በኋላ ባለው ስብሰባ ፈቱት። አቶ ትስስር ነው የምንላቸው፤ ትክክለኛ ስማቸውን ባለቤታቸው ሳያውቁት አይቀሩም። «ሥራው ከሌለ» አሉ፣ «ልምዱን ብቻ እንስጣቸው።» ተጨበጨበ።

እንግዲህ የተቀጠርኩት በልምምድ ድርጅት ውስጥ ነው። ድርጅታችን ማህተም አለው፣ ስብሰባ አለው፣ ሐሜት አለው፤ በር ነው የሌለው። ሌላ ከተማ ያለ ዩኒቨርሲቲ እንደኛው ያለ የሲሚንቶ ድርጅት አቁሟል። እነሱ የሌለ ሲሚንቶ ይልኩልናል፣ እኛ የሌለ በር እንልክላቸዋለን። ባለፈው «የላካችሁት በር ተጭሯል» ብለው ከሰሱን። ስለ ጭረቱ የይቅርታ ደብዳቤ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ከልቤ ነው የጻፍኩት። ማታ ክፍሌ ገብቼ ጭረቱ በየት በኩል ይሆን ብዬ አሰብኩ።

በወሩ መጨረሻ ሒሳብ ሹሟ (አብራኝ የተመረቀች ልጅ ናት) «ኑ ፈርሙ» ትለናለች። ተሰልፈን እንፈርማለን፤ ከዚያ እጃችንን ኪሳችን ከተን እንወጣለን። ቢያንስ ኪሳችን ባዶውን እንዳይሆን ነው። የምኖረው የተማሪዎችን መመረቂያ ጽሑፍ እየተየብኩ ነው። አብዛኞቹ ጽሑፎች ስለ ሥራ አጥነት ናቸው።

እኛ ግን ሥራ አጥ አይደለንም። የልምምድ ድርጅቱ አባላት በሙሉ «ሥራ ላይ ያሉ» ተብለን ተቆጥረናል። ዋናው መግቢያ ላይ ትልቅ ባነር ተሰቅሏል፦ «የተመራቂዎቻችን የቅጥር ምጣኔ እያሻቀበ ነው!» ከሚያሻቅቡት አንዱ እኔ ነኝ። በየጠዋቱ ባነሩ ሥር አልፋለሁ፤ ሽቅብ የምሄድ አይመስለኝም፣ ቁልቁልም አይመስለኝም።

ለምን አትተወውም ትይኛለሽ። የተከራየሁት ክፍል ጣሪያ ላይ ዝናብ የሠራው እድፍ አለ። ከተመረቅኩ ጀምሮ በጀርባዬ ተኝቼ ያየሁት እሱን ነው። አሁን ቢያንስ ሰው «ምን ትሠራለህ?» ሲለኝ አፌን ከፍቼ የማወጣው ነገር አለኝ።

ለአባባ ጥድ ነው በይው። ጥድ ይሻላል።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 17

አንተ ዲግሪ፣

ሳቅኩ። መዋሸት አልፈልግም፣ የስፌት መኪናው ላይ ተደፍቼ ነው የሳቅኩት። አባባ «ምን?» አለ። «በሩ ጠንካራ ነው አሉ፣ እስካሁን አንድም የተሰበረ የለም» አልኩት። ራሱን ነቀነቀ፤ ኮራብህ መሰለኝ። ከዚያ በኋላ መሳቅ አቃተኝ።

ኮሌጁን ለአንድ ዓመት ጨምሩልኝ ብለሽ ብትለምኚስ ላልከው፦ ለምኜያለሁ። ሬጅስትራሯ ሴትዮ ወንበር ስባልኝ፣ ውሃ አቅርባልኝ፣ «እህቴ፣ ከዚህ በላይ ማራዘም አንችልም፤ የካቲት መባቻ ላይ ካልተገኘሽ ቦታው ለሌላ ነው» አለችኝ። ቢቆጡኝ እከራከር ነበር። ውሃ ከሰጠ ሰው ጋር እንዴት ይከራከራሉ? ጠጥቼ ወጣሁ።

ስለዚህ ያንን የሚያሻቅበውን ነገር ተወውና እንጨት ያለው ሥራ ፈልግ። ጥበቃም ቢሆን፣ ሱቅም ቢሆን። እኔ የምለብሰው ነጭ ጋውን ሳጥን ውስጥ ታጥፎ በመታጠፊያው በኩል ቢጫ እየሆነ ነው።

ሰሞኑን በስልክ ለምን ቶሎ ትዘጊያለሽ ላልከው፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው። ትምህርት ቤቱ ተጨማሪ ዩኒፎርም አዞኛል። ሌላ ምንም የለም።

አባባ ደህና ነው። ተኝቷል።

እህትህ


ጥር 5

እትዬ፣

ያ ሱቅ ለቃለ መጠይቅ ሲጠራህ ለምን አልሄድክም ላልሽኝ፦ ፈቃድ ተከለከልኩ። አዎ፣ ታውቂያለሽ፣ እኔም አውቃለሁ። ግን ቅጹን ሞልቼ ገባሁ፣ አቶ ትስስር መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፍተው «በንብረት ቆጠራ ሰሞን?» አሉኝ። «ክቡር ኃላፊ፣ የሚቆጠር እኮ የለንም» አልኳቸው። «ለዚህ ነው በጥንቃቄ መቆጠር ያለበት፤ አንድ ነገር ተርፎ ቢገኝ ማን ይጠየቃል?» አሉኝ። አፍሬ ወጣሁ። ዞር ብዬ መሄድ እችል ነበር፤ እግሬ ግን ወደ ጠረጴዛዬ መለሰኝ።

መቼም አንድ ደስ የሚል ነገር ላጫውትሽ። ባለፈው ሰኞ አቶ ትስስር ሰብስበውን «በዚህ ሳምንት ከተፎካካሪ ድርጅት የማስኮብለያ ስልክ ይደወላል፤ ታማኝነታችሁ ነጥብ ይሰጠዋል» አሉን። እንደዚህ ያለው ልምምድ የሲሚንቶዎቹ ልጆች ሥራ ነው፤ አንዴ ደንበኛ፣ አንዴ ገቢ ሰብሳቢ እየሆኑ ይደውሉልናል። ሐሙስ ዕለት የኔ ስልክ ጠራ።

አንዲት ጎልማሳ ሴት ናት። «የበር ሥራ ቤት ባለቤት ነኝ» አለች። «የዋጋ ማቅረቢያችሁ ደርሶኛል። ለእኔ ለምን እንደላካችሁት አልገባኝም፣ እኔው ራሴ በር ሻጭ ነኝ። አጻጻፉን ግን ወድጄዋለሁ። ሽያጭ ላይ ሰው አጥቻለሁ፤ ነገ ብቅ በልና እንነጋገር።»

የቢሮው ሰው ሁሉ ያየኛል። ተነሣሁ። «ክብርት ሆይ» አልኩ፣ «ይህ ድርጅት ከምንም አንሥቶ እዚህ ያደረሰኝ ነው፤ አልከዳውም!»

«ልጄ፣ ደህና ነህ?» አለችኝ።

«ከዚህ በላይ ደህና ሆኜ አላውቅም» ብዬ ስልኩን ጠረቀምኩት። ጭብጨባው! ሒሳብ ሹሟማ ቆማ ነው ያጨበጨበችው። አቶ ትስስር እጄን ጨብጠው ሙሉ ነጥብ ሰጡኝ። የሲሚንቶዎቹንም ልጆች ሳላመሰግን አላልፍም፤ እንዴት ቢለፉ ነው ከሴትዮዋ ኋላ የመጋዝ ድምፅ ሳይቀር ያሰሙኝ? አንድ ሰው ደግሞ «እመቤት፣ ማጠፊያው አለቀ!» እያለ ይጮህ ነበር። እነሱም ነጥብ ይገባቸዋል።

ወንድምሽ


ጥር 14

አንተ፣

ቁጭ ብለህ ከሆነ የምታነበው፣ ተነሥ።

ማን ነው ለልምምድ ብሎ መጋዝ የሚያስነሣ? ማን ነው ለማስመሰል ብሎ ማጠፊያ የሚያልቅበት? እናንተ ከጀመራችሁ ወዲህ ምን አልቆባችሁ ያውቃል?

ደብዳቤህን እንዳነበብኩ ወደ መንገድ ወጥቼ፣ ኔትወርክ ያለበት ድረስ ሄጄ ስደውል ስደውል ዋልኩ፤ ዝግ ነው። «በሥራ ሰዓት የግል ስልክ ክልክል ነው» ያልከኝ ትዝ አለኝ። ማታ ደግሞ ስልኩ አባባ ራስጌ ነው፤ «ልጅህ እውነተኛ ሥራ መጥቶለት ጆሮው ላይ ዘጋበት» ብዬ እየሰማኝ ልጮህ?

ሴትዮዋ ጋ ደውል። ይቅርታ በላት። ይቅርታ አጻጻፍ ታውቅበት የለ? አፍህም እንደ እጅህ ከሆነ እንተርፋለን። የካቲት ደረሰ።

አባባ ደህና ነው።

እህትህ


ጥር 22

እትዬ፣

ደወልኩ።

«የበር ሽያጭ ክፍል፣ ጤና ይስጥልኝ» የሚል ድምፅ አነሣ። ድምፁን አውቀዋለሁ። ሒሳብ ሹሟ ናት። የሕመም ፈቃድ ላይ ነች ተብሎ ጠረጴዛዋ ላይ አበባ አስቀምጠንላት ነበር።

«አንተ ነህ እንዴ?» አለችኝ።

«እኔ ነኝ። አንቺ… እዚያ ነሽ?»

«ከማግስቱ ጀምሮ። አንተ ስትዘጋባት ቁጥሩን ከስልኩ ላይ ገልብጬው ነበር።»

«ቆመሽ ስታጨበጭቢ ነበር እኮ!»

«ሙት፣ ከልቤ ነው ያጨበጨብኩት» አለች። እውነቷን ነው። መጋዙ ከኋላዋ ይጮሃል። ከዚያ ባለቤቲቱን አገናኘችኝ። ሴትዮዋ አልተቀየመችም፤ «አንተ ያ ጤና የሌለህ ልጅ ነህ አይደል?» አለችኝ ባዘነ ድምፅ። «ቦታው ተሞላ የኔ ልጅ። ራስህን ጠብቅ።» የዋጋ ማቅረቢያው እንዴት እሷ ጋ እንደደረሰም ገባኝ፤ መላኪያ ክፍላችን ለሲሚንቶዎቹ መላክ ሰልችቶት እውነተኛ አድራሻ ሞክሮ ኖሯል።

ለመናደድ ተነሣሁ። ቆሜ ጠበቅኩ፣ ንዴቱ አልመጣም፣ ተቀመጥኩ።

አቶ ትስስር ወሬውን ሲሰሙ ደስታቸውን አልቻሉትም። ልጅቷን «የልምምድ ድርጅታችን ፍሬ» ብለው ባነር እያሠሩላት ነው። እኔን ደግሞ አጠገባቸው አስቀምጠው «ታማኝ ሰው ያስፈልገናል» አሉና የሽያጭ ክፍል ኃላፊ አደረጉኝ። ጠረጴዛው ሰፋ ያለ ነው። መስኮት አለው።

ተቀይመሽኝ እንደሆነ ጻፊልኝ።

ወንድምሽ


ጥር 28

ወንድምዬ፣

መቀየሙን ሞክሬዋለሁ። ሲቀየሙ የሚሰማው ነገር የሚኖርበት ቦታ ሄጄ አየሁ፣ ባዶ ነው። ያንተ ማደንዘዣ እዚህም ሳይደርስ አልቀረም።

አሁን ያልነገርኩህን ልንገርህ። አባባ ታኅሣሥ ላይ ወድቋል። ዩኒፎርም ላደርስ ወጥቼ ስመለስ በአልጋውና በስፌት መኪናው መሃል ወለሉ ላይ አገኘሁት። «መቼ ነው የወደቅከው?» ስለው «አሁን» አለኝ። አሁን እንዳልነበር እጁን ስይዘው አወቅኩ፤ እንደ ወለሉ ቀዝቅዞ ነበር። ከዚያ ወዲህ አይቀመጥም። ካላገላበጡት ጀርባው ይቆስላል። «ደህና ነው» እያልኩ ስጽፍልህ የነበረው አእምሮህ ተረጋግቶ ሥራህን እንድትሠራ ነበር። ሥራህ ምን እንደሆነ ካወቅኩ በኋላም መጻፌን አላቆምኩም። እጄ ለመደው።

ነገ በመጀመሪያው አውቶቡስ እሄዳለሁ። ጋውኑን አጥቤ ተኩሼዋለሁ፤ ቢጫው አልለቀቀም፣ ይሁን። ይህን ደብዳቤ ረዳቱ እጅህ ላይ እንዲያደርስ ለምኜዋለሁ። በስልክ ያልነገርኩህ «ትንሽ ቆይ» እንዳትለኝ ነው፤ ካልከኝ እቆያለሁና።

ወደ አንተ ማምጣቱን እርሳው፣ አውቶቡስ አይችልም። አንተ ና። እስክትመጣ ጎረቤታችን ትቀመጥለታለች፤ እሷም የራሷ ጣጣ አለባት፣ አታስጠብቃት። በሽባው ጎኑ ብዙ አታስተኛው። የምታጥብበት ውሃ ለብ ያለ ይሁን። ስትላጨው አገጩ ሥር ቀስ በል።

ነግሬዋለሁ። «ሂጂ» አለኝ። አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብዬ የሚጨምረው ካለ ጠበቅኩ። የለም።

እህትህ


የካቲት 20

እትዬ፣

አዎ፣ ይበላል። ሾርባው ወፈር ሲል ይወዳል፤ የቀጠነውን ይተፋዋል፣ የሚተፋውም ወደ እኔ ነው። አዎ፣ አገላብጠዋለሁ። ወገቡ ላይ ትተሻት የሄድሽው ቅላት እየከሰመች ነው። መጀመሪያ ሳነሣው እንደ ጆንያ ነበር የያዝኩት፣ «ቀስ!» ብሎ ጮኸብኝ፤ አሁን ዝም ይለኛል። ጎረቤታችን መጥታ አየችኝና «ለዚህ ነው ያ ሁሉ ዓመት የተማርከው?» አለችኝ። ክፋት የላትም፣ ጥያቄ ነው።

እንዴት ለቀቁህ ላልሽው፦ አልለቀቁኝም። መልቀቂያ አስገባሁ፣ አቶ ትስስር «ምትክ ሳይገኝ? የሽያጭ ክፍሉ በማን ላይ ሊቆም?» አሉና ማመልከቻዬ ጥግ ላይ «ይታሰብበት» ብለው መሩልኝ። እስካሁን እየታሰበበት ይሆናል። እኔ ሻንጣዬን ይዤ በባነሩ ሥር ወጣሁ።

ምን ተባባላችሁ ላልሽው ደግሞ፣ ብዙ አልተባባልንም። ስገባ ትክ ብሎ አየኝ። «በሩ?» አለ። «የለም አባባ፣ በር አልነበረም» አልኩት። ዓይኑን ጨፈነ። የተኛ መስሎኝ ሻንጣዬን ላስቀምጥ ዞር ስል «ውሃ» አለ። ሰጠሁት። በቃ፣ ይኸው ነው ያወራነው።

እሺ፣ ዶርሙ ይበርዳል ያልሽውን ተረድቻለሁ፤ ግራጫውን ብርድ ልብስ በረዳቱ እልክልሻለሁ።

ትናንት ከዩኒቨርሲቲው ተደወለ። አባባን እያጠብኩት ስለነበር እጄ ሳሙና ነው፤ ስልኩን በክርኔ ነካ አድርጌ ድምፁ ወደ ውጭ እንዲሰማ አደረግኩት። አንዲት ልጅ ናት፣ ከወረቀት ላይ እያነበበች፦

«የተመራቂዎች የቅጥር ክትትል ነው። በአሁኑ ሰዓት ሥራ ላይ ነዎት?»

ያጠብኩት ግማሽ ጀርባውን ነው። «አዎ፣ ሥራ ላይ ነኝ» አልኳት።

«በየትኛው ዘርፍ?»

«ሰው መንከባከብ።»

«ጤና ልበለው?»

«በይው።»

«ከተማሩት ትምህርት ጋር ይገናኛል?»

«ማኔጅመንት ነው የተማርኩት። ትንሽ ይገናኛል፤ የማስተዳድረው አንድ ሰው ነው፣ እሱም አይታዘዘኝም።»

አልሳቀችም፣ ስትጽፍ ይሰማኛል። «ቋሚ ነው ጊዜያዊ?»

እጄ ጀርባው ላይ ቆመ። ውሃው በጎኑ ወደ አንሶላው ወረደ፣ አልጠረግኩትም። አባባ ፊቱ ወደ ግድግዳው ነው።

«ጊዜያዊ በላት» አለ።

«ይቅርታ፣ አልተሰማኝም» አለች ልጅቷ።

«ቋሚ» አልኳት።

«እንኳን ደስ አልዎት» ብላ ዘጋች። ውሃው ቀዝቅዞ ስለነበር ሌላ አሞቅኩና የቀረውን ጀርባውን አጠብኩት።

ወንድምሽ